ለጎረቤቴ ቀብር ያጠናሁት የጊታር ሶሎ

ሶሎው በሰዓት ሲለካ ሠላሳ ሁለት ሰከንድ ነው። እኔ ላይ ሰባት ወር ፈጀ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ማፈሩን በሁለተኛው ወር ጨርሼዋለሁ።

ጊታር የምችል ይመስለኝ ነበር፤ ጣጣው የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ፍራንክፈርትና አካባቢዋ ያለ ሐበሻ ልጁን ሲድር፣ ክርስትና ሲያስነሳ፣ እንቁጣጣሽ ሲያከብር፣ መድረኩ ጥግ ላይ ጊታር አንግቦ ዓይኑን ጨፍኖ የሚቆመው ሰውዬ ለሠላሳ ዓመት ያህል እኔ ነበርኩ። ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነበር፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ ቅባት ሲያሽ የከረመ እጄን ቅዳሜ ታጥቤ ክር ላይ አሳርፈዋለሁ። ሰው ሁሉ "አንተማ ታስለቅሰዋለህ!" ይለኛል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ሲባል የኖረ ሰው ማመኑ አይቀርም። ስለዚህ ጡረታ ወጥቼ፣ ሪደርቫልድ ሰፈር ባለው ቤቴ አርፌ በተቀመጥኩበት፣ አንዲት የሰባ አራት ዓመት ጀርመናዊት "ጊታር አትችልም" ይሉኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም።

ሴትዮዋ ከኛ በላይ ባለው ፎቅ ብቻቸውን የሚኖሩ ጎረቤታችን ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሽትራሰንባን የሚባለውን የከተማ ባቡር ሲነዱ፣ በከተማው ሐዲድ ሲመላለሱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ደረጃው ላይ ብስክሌት ያቆመ ሰው በሩ ሳይንኳኳ፣ ቆሻሻ ያልለየ ሰው ሳይገሠጽ አያድርም። እርስ በርሳችን "ዱ"፣ እንደኛ አንተ አንቺ፣ መባባል ከጀመርን ሀያ ዓመት ይሆነናል። በአማርኛ ስጽፍ ግን በስምንት ዓመት የሚበልጡኝን ሴት "አንቺ" ለማለት እጄ እምቢ አለኝ። ስለዚህ እዚህ ወረቀት ላይ አንቱ እንዳልኳቸው ይቆያሉ፣ ያናደዱኝ ቦታ ላይ ጭምር።

ነገሩ የተጀመረው በታኅሣሥ፣ ደረጃው ላይ ነው። የድንች ከረጢት ይዘው ቆም እያሉ ሲወጡ ደረስኩባቸውና ተቀበልኳቸው።

"አመሰግናለሁ" አሉኝ። "ካንሰር ነው። ጉበቴ ድረስ ሄዷል። ሐኪሙ ሐምሌ ነሐሴን ልታዪ ትችያለሽ ብሎኛል፤ የሚቀጥለውን ገና ግን አላይም።"

"ኧረ እንዲህ አይበሉ! እግዚአብሔር ያውቃል!"

"እሱም ያውቅ ይሆናል። ሐኪሙ ግን ፎቶውን አሳይቶኛል።"

ድንቹን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። እኛ ያንን በሽታ በስሙ እንኳ አንጠራውም፤ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን "ያ ክፉ በሽታ" እንላለን። ለታማሚ የሚነገረው "እግዜር ይማርዎት፣ ነገ ይነሳሉ" ነው። ሐኪም የተናገረው ክፉ ነገር ካለ ቤተሰብ ይሰማውና ሆዱ ውስጥ ይቀብረዋል። መርዶ እንኳ ሽማግሌ ተመርጦለት፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ሰው ተሰባስቦ ነው የሚረዳው። እኚህ ሴትዮ የራሳቸውን መርዶ በቀትር፣ ደረጃ ላይ፣ በድንች መሀል አረዱኝ።

"ከአንተ የምፈልገው ነገር አለ" ብለው ቀጠሉ። "ቀብሬ ላይ አንድ ሶሎ ትጫወታለህ። ሀያ ዓመት በወለሉ በኩል ስሰማህ ኖሬያለሁ፤ ካንተ ሌላ ጊታር የሚይዝ ሰው አላውቅም።"

እውነቱን ለመናገር በድንጋጤዬ መሀል ደስ ብሎኝ ነበር። "ስሰማህ ኖሬያለሁ" ማለት "ስወድልህ ኖሬያለሁ" ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው።

የሶሎውን ታሪክ ወጥ ቤታቸው አስገብተው ነገሩኝ። በሀያዎቹ ዕድሜያቸው አምስት ሴቶች ሆነው ባንድ ነበራቸው። ብር የሚመስል ቦት ጫማ ተጫምተው፣ ዓይናቸው ሥር የሚያብለጨልጭ ነገር ነስንሰው፣ በየሠራተኛው አዳራሽ እየዞሩ በዚያ ዘመን ግላም ሮክ የሚባለውን ይጫወቱ ነበር። ሊድ ጊታር ተጫዋቿ እሳቸው ነበሩ። ዘፈኑ የራሳቸው አይደለም፣ ዕድሜው ስድሳን ያለፈ ጀርመን ሁሉ የሚያውቀው የታወቀ ዘፈን ነው። ሶሎውን ግን እንደ ራሳቸው ንብረት ነው የሚያዩት። ከአምስቱ ሁለቱ ሞተዋል፣ አንዷ ስፔን ገብታለች፣ ከአንዷ ጋር ደግሞ ከተኳረፉ አርባ ዓመት ሆኗቸዋል። የእሳቸውን ጣቶች መድኃኒቱ ጫፍ ጫፋቸውን አደንዝዞታል፤ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እንኳ በዓይናቸው እያዩ ነው የሚቆልፉት።

ዘፈኑን በስልካቸው አሰሙኝ። ሰማሁና ሳቄ መጣ። ሕፃን የሚጫወተው ነገር ነው፤ ድምፆቹ ጥቂት፣ አካሄዱ ቀስ ያለ።

"ይኼ ነው? ሁለት ቀን ይበቃኛል" አልኩ። ምን ነበር ያኔ አፌን በቆለፈው!

ወደ ቤት ወርጄ ለባለቤቴ ስነግራት ሽንኩርት መክተፏን አቁማ አየችኝ።

"ለቀብር ጊታር? ሴትዮዋስ እሺ፣ ፈረንጅ ናቸው። አንተ ምን ነካህ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አሉ።"

"የታመመ ሰው ለምኖኝ እንዴት እምቢ ልበል?"

"እሺ በላቸዋ፤ እሺ ብለህ ዝም ትላለህ። ሰው እንደዚያ አይደል የሚያደርገው?"

እውነቷን ነው፣ ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው። እኔም ያሰብኩት እንደዚያው ነበር። ሴትዮዋ ግን በማግስቱ ወረቀት በራችን ሥር አስገቡ፦ ማክሰኞና ዓርብ፣ የቀትሩ የጸጥታ ሰዓት እንዳለቀ፣ ወጥ ቤት ውስጥ። ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ተሰጠኝ። ጀርመን አገር ቴርሚን ከተሰጠህ ሞትም ቢመጣ ተራውን ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ማክሰኞ የእሳቸውን ቀይ ጊታር አስታቀፉኝ። ክሮቹ የሊፍት ገመድ ናቸው። ለሁለት ቀን ያጠናሁትን በኩራት ተጫወትኩላቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ስጨርስ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ምንድን ነው ይኼ?"

"ሶሎው ነዋ።"

"ሶሎው ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ድምፅ ነው ያለው። አንተ አርባ ተጫወትክ። ትርፉን ከየት አመጣኸው?"

ትርፉ ማሳመሪያ ነው። ከኛ ሰው ጆሮ የወጣ ድምፅ ራቁቱን አይቀመጥም፤ ትንሽ ይንቀጠቀጣል፣ ከጎኑ ያለውን ነካ አድርጎ ይመለሳል፣ ሲያልቅ ደግሞ ትንሽ ጭራ ይወጣለታል። ድምፅን ባዶውን ማስቀመጥ ለእንግዳ ባዶ ሳህን እንደማቅረብ ነው። ይህን አስረዳኋቸው።

"እኔ እንግዳ አልጠራሁም" አሉ። "የተጻፈውን ተጫወት። እንደገና!"

እንደገና ተጫወትኩ። እንደገና ትርፍ ገባ። ጣቴን ዝም በል እለዋለሁ፣ ጣቴ ሠላሳ ዓመት የተጨበጨበለት ጣት ነው፣ ዝም አይልም። በሁለተኛው ሳምንት ጭራውን ቆረጥኩለት። በሦስተኛው መንቀጥቀጡን አስተውኩት። እፎይ ስል አዲስ ጉድ መጣ። ሶሎው መሀል ላይ አንዲት ድምፅ አለች፣ ከኛ ቅኝቶች ውስጥ የሌለች፣ በሁለት ድምፆች መሀል እንደ ሌባ ሾልካ የምታልፍ። እሷ ጋ ስደርስ ጣቴ ይዘላታል፣ ዘሎም ባቲ ቅኝት ውስጥ ይገባል። ከዚያማ ማን ይመልሰው!

"የት ሄድክ?" ይሉኛል ሴትዮዋ።

"ወሎ ገባሁ።"

"ተመለስ!"

ወሎ ምን እንደሆነ ጠይቀውኝ አያውቁም። መንገድ የሳተ መኪና የሚያስገቡበት ጎዳና አድርገው ሳይቆጥሩት አልቀሩም፤ በቃ "ተመለስ!" ነው።

የእግሬን ነገር ደግሞ ባላነሳው ይሻል ነበር። ዘፈኑ ከበሮው ከባድ ነው፣ መሬት እየረገጠ የሚሄድ። እሳቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየመቱ ይቆጥሩልኛል። ምቱ ግን ውስጥ ውስጡን ሦስት ሦስት እየሆነ ይከፈላል፤ ለኛ ጆሮ ደግሞ ሦስት ሦስት የሚል ነገር ካለ ጭፈራ ነው፣ ችክችካ ነው፣ ትከሻ ነው። የእሳቸው መዳፍ ባረፈበት የእኔ እግር ይነሳል፣ የእኔ እግር ባረፈበት መዳፋቸው ይነሳል። አንድ ዓርብ መዳፋቸውን አየር ላይ አቁመው እግሬን አተኩረው ሲያዩ ቆዩ።

"እግርህ ምን ሆኖ ነው?"

"ምንም አልሆነም።"

"ያመዋል?"

"ደህና ነው! ትክክል እኮ ነው፣ እኛ ጋ ምቱ እዚህ ላይ ነው የሚያርፈው!"

"እዚህ ግን እዚያ ላይ አይደለም" አሉና የአበባ ማሰሮ የሚያህል ጫማዬን በእግራቸው ረገጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እግሬን እየረገጡ ነው ያስጠኑኝ። በስልሳ ስድስት ዓመቴ፣ የአራት ልጅ አያት ሆኜ፣ እግሬን ተረግጬ ጊታር ተማርኩ።

ከሁሉ የከፋችው ግን የመጨረሻዋ ድምፅ ነች። ክሩን በሌባ ጣትህ ወደ ላይ ትገፋዋለህ፣ ድምፁ ይወጣል ይወጣልና አንድ ቦታ ላይ ይደርሳል፣ እዚያ ላይ ለስምንት ምት ትይዘዋለህ። በቃ ይኸው ነው። ምንም አታደርግም፤ ትይዛለህ። ትንሽ ዝቅ ብትል ውሸት ነው፣ ትንሽ ከፍ ብትል ጩኸት ነው። ሴትዮዋ ጣታቸውን ወደ ጣሪያው ቀስረው "ያዝ፣ ያዝ፣ ያዝ" ይላሉ። በአምስተኛው ምት ክሩ ያመልጠኛል። ጣቴ ተላጠ፣ ቆሰለ፣ ቆዳ አበጀ፣ እንደገና ተላጠ። አንድ ቀን ደሜ ፈልቶ ጊታሩን አስቀምጬ ተነሳሁ።

"ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው! ሌላ ሰው ይፈልጉ!" አልኩና በሩን በኃይል ዘግቼ ወጣሁ።

በደረጃው ክፍተት ድምፃቸው ተከተለኝ፦ "ዓርብ!"

ዓርብ ወጣሁ። ምን ላድርግ?

በዚያ ሰሞን ነው ኦርድነሩን ያየሁት። ጀርመን ኑሮውን በሙሉ ቀዳዳ በተበሳ ወረቀት አድርጎ በዚህ ወፍራም ማኅደር ነው የሚያስረው፤ የእሳቸው ደግሞ ጀርባው ላይ "ቀብር" ይላል። ጠረጴዛው ላይ ተከፍቶ ነበር። ሻይ ሊያፈሉ ሲነሱ አነበብኩት። ሣጥን፦ ታዝዟል። ልብስ፦ ቁም ሣጥን ውስጥ በስተግራ። ኬክ፦ የፖም እንጂ የክሬም እንዳይሆን። ቤቱን የሚያስረክበው የእኅቴ ልጅ። በየአንዳንዱ ጎን በሰማያዊ እስክርቢቶ የማረጋገጫ ምልክት ተደርጓል። ከታች አንድ መስመር ብቻ ምልክት የለውም። የእኔ መስመር ነው፤ "ሶሎ" ይላል።

"ይኼ ሲያልቅ ኦርድነሩን እዘጋዋለሁ" አሉ ሻዩን ይዘው ሲመለሱ። "ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር ማሰብ አልፈልግም። ቲማቲሜን ነው የማየው።"

እኔን ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባን ጥግ ላይ አገኘኋቸው።

"አባታችን፣ ቀብር ላይ ጊታር ቢመታ ኃጢአት ይሆን?"

"የማን ቀብር ነው?"

"የጎረቤቴ። ጀርመናዊት ናቸው። ገና አልሞቱም።"

አባ መስቀላቸውን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። "አልሞቱም? ታዲያ በቁማቸው ልትቀብራቸው ነው እንዴ ልጄ?"

"እሳቸው ናቸው ያሉኝ።"

"ቃል ገብተህላቸዋል?"

"አዎ፣ ገብቻለሁ።"

"እንግዲህ ቃል ከገባህ ፈጽም። እኔን ግን አልጠየቅከኝም።"

በሚያዝያ አንድ ቀን፣ ቤቴ ውስጥ፣ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ከላይ እስከ ታች አንድም ሳልሳሳት ተጫወትኩት። ትርፍ የለም፣ ወሎ የለም፣ እግሬ ባለበት ጸጥ ብሏል። የመጨረሻዋን ድምፅ ስምንቱንም ምት ያዝኳት። ዘልዬ ተነስቼ ባለቤቴን ጠራኋት። ድጋሚ ተጫወትኩላት፣ አሁንም ልክ መጣ። ደስታዬ ሰማይ ነካ።

"እንግዲህ ጨረስክ" አለች።

ይቺ "ጨረስክ" የምትል ቃል ደስታዬን አፈረሰችው። እኔ ጨረስኩ ማለት ኦርድነሩ ተዘጋ ማለት ነው። ኦርድነሩ ከተዘጋ ደግሞ ለሴትዮዋ የቀራቸው ያው አንድ ነገር ብቻ ነው። አባ ያሉት ትዝ አለኝ። ሟርት ነው አልኩ ለራሴ፣ ይኼ የለየለት ሟርት ነው! የታመመን ሰው ቀብር አሳምሮ አዘጋጅቶ "ዝግጁ ነኝ" ብሎ ፊቱ መቆም፣ ምን የሚሉት ነውር ነው?

ማክሰኞ ወጣሁ። የመጨረሻዋ ድምፅ ላይ ስደርስ፣ በአምስተኛው ምት፣ ጣቴን ሆን ብዬ ላላ አደረግኋት።

"አምልጧል" አሉ። "እንደገና።"

እንደገና አስመለጥኳት። ሚያዝያ እንዲህ አለፈ፣ ግንቦት እንዲህ አለፈ፣ ሰኔ እንዲህ አለፈ። በሕይወቴ ለመሳሳት እንደዚያ ተጠንቅቄ አላውቅም። አንዱን ቀን አምስተኛው ምት ላይ፣ ሌላውን ቀን ስድስተኛው ላይ፤ እንዳይነቁብኝ አንዳንዴ ወሎ ደርሼ እመጣለሁ። ቤቴ ገብቼ ማዳመጫዬን አድርጌ ደግሞ ልኩን እጫወታለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ። አልሸሹም ዞር አሉ ማለት እኔን ነው። መልአከ ሞት ቴርሚን የተሰጠው ይመስል፣ ሶሎው ካላለቀ የማይመጣ ይመስል፣ በጣቴ በሩን ገፍቼ የያዝኩ መስሎኝ ነበር።

እሳቸው በበኩላቸው እየከሱ ሄዱ። ጠዋት ጠዋት የፍሌገዲንስት፣ የቤት ለቤት አስታማሚ ድርጅት፣ ሠራተኛ እየመጣች ታጥባቸው፣ ታለብሳቸው ጀመር። ጠረጴዛውን የሚመታው መዳፋቸው ድምፁ ቀነሰ። ቁጣቸውም ተለወጠ፤ መጀመሪያ ሲቆጡኝ ዓይናቸው ይስቅ ነበር፣ ኋላ ላይ ግን ፊታቸው ይጨማደዳል። አንድ ዓርብ "እኔ ነኝ የማልችለው፣ ማስተማር አልችልም" ብለው ጭንቅላታቸውን ያዙ። ያን ቀን ልናገር ነበር። አልተናገርኩም። "ቀስ በቀስ ይመጣል" አልኩ፣ ለታማሚ እንደሚባለው።

በሐምሌ መጀመሪያ ሆስፒታል አስገቧቸው። ሦስት ቀን ቤቱ ጭር አለ። በአራተኛው ቀን ሙቀቱ ጣሪያ ነካ፤ ከመሀል ከተማ በምድር ውስጥ ባቡር ተጠብሼ መጥቼ መስኮቱን ሁሉ ከፈትኩ። ሰው የለም ብዬ ማዳመጫውን ነቅዬ ጊታሬን ድምፅ ማጉያው ላይ ሰካሁትና ሶሎውን ሦስት ጊዜ ለቀቅኩት። ልክ ነበር። እንዲያውም ከልክም በላይ ነበር፤ ግቢው ሁሉ ሰምቶልኛል።

ወዲያው ባለቤቴ ከውጭ ገባች። "አምቡላንሱን አላየኸውም? ጠዋት አንተ ስትወጣ እኮ ነው የመለሷቸው። አሁን ከላይ ናቸው።"

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ደረጃውን እንደ ተከሰሰ ሰው ወጣሁት። ሠራተኛዋ በር ከፍታልኝ ወጣች። ሴትዮዋ ወጥ ቤቱ ውስጥ በተደገፈ ወንበር ተቀምጠዋል፣ በሐምሌ ሙቀት ብርድ ልብስ ጉልበታቸው ላይ አለ። ጊታሩ ሌላው ወንበር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። "ተጫወት" አሉ።

ይህን ማመን ያቅታል፣ ግን አደረግኩት፤ አምስተኛው ምት ላይ አሁንም አስመለጥኳት። ልማድ ክፉ ነው።

"እንደገና" አላሉም።

"ትናንት በመስኮት ሰማሁህ" አሉ። "ሦስት ጊዜ። ከመቼ ጀምሮ ነው የምትችለው?"

"ከሚያዝያ።"

በጣታቸው ብርድ ልብሱ ላይ ወራቱን ቆጠሩ። እኔ መለፍለፍ ጀመርኩ። ጀርመንኛዬ አርባ ዓመት ያገለገለኝ ጀርመንኛ ነው፣ ያን ቀን ግን ተሰባበረብኝ። በኛ አገር ለታመመ ሰው ስለ ሞት አይወራም አልኩ። ቀብሩ በቁሙ አይዘጋጅም አልኩ። ካላለቀ ይቆያሉ ብዬ ነው አልኩ። ለእርስዎ ብዬ ነው አልኩ።

"ለእኔ?" አሉ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፣ ግን ቁጣው ሙሉ ነበር። "ከሚያዝያ ጀምሮ ያቺ አንዲት መስመር እንቅልፍ ነሥታኛለች። እሱ ካልቻለ ማንን ልጠይቅ እያልኩ ለዚያች ለተኳረፍኳት ሴት እንኳ ደብዳቤ ጽፌ ቀድጃለሁ። ቲማቲሜን አላየሁም። ሦስት ወር ወሰድክብኝ፣ ያለኝም ያው ሦስት ወር ነበር። እኔ ለመሞት ያንተን ፈቃድ አልጠየቅኩህም። የጠየቅኩህ ሶሎ ነው።"

አፈርኩ፣ ከማፈሬም በላይ ተናደድኩ፣ በራሴ። ደግ ሥራ እየሠራሁ መስሎኝ ነበር። ለካ የጠበቅኩት እሳቸውን ሳይሆን ራሴን ነው፤ ማዘን የሚባለውን ነገር እንዳላየው ዓይኔን በሶሎ ሸፍኜ ነበር።

ጊታሩን አስተካክዬ ያዝኩና ተጫወትኩት። አሥራ ዘጠኙንም ድምፅ፣ ራቁታቸውን። መጨረሻዋ ጋ ስደርስ ክሩን ገፋሁት፣ ድምፅዋ ወጣች፣ ቦታዋ ላይ ደረሰች፣ ያዝኳት። በስምንተኛው ምት ለቀቅኳት።

"ጌህት ዶኽ" አሉ። ይቻላል ማለት ነው፣ ድሮስ ምን ነበር ዓይነት። ከእሳቸው አፍ የሰማሁት ምስጋና ይኸው አንዱ ነው። ኦርድነሩን አቀብለኝ አሉኝ፣ አቀበልኳቸው። እስክርቢቶውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ እጃቸውን እያዩት፣ ምልክቱን አደረጉ። ዘጉት። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ፤ ባየሁት ጊዜ እንባዬ መጣ።

"በል፣ አሁን መሄድ ትችላለህ" አሉ። "ሌላ ቴርሚን የለም።"

ጊታሩን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

"ምን ቀረ?" አሉኝ።

"ምንም አልቀረም።"

"ታዲያ ለምን ትቀመጣለህ?"

"በኛ አገር የታመመ ሰው ይጠየቃል" አልኩ። "ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያ ምንም የለም። መቀመጥ ነው።"

"ከእኔ ጋር ግን ተቀምጠህ አታውቅም" አሉ፣ ሊወቅሱኝ ሳይሆን ነገሩን እንዲያው ለመናገር ብለው።

እውነታቸውን ነበር። ሰባት ወር ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን ያንን ደረጃ ስወጣ፣ የታመመ ሰው እንዴት መያዝ እንዳለበት እኔ ነኝ የማውቀው እያልኩ ስታበይ፣ አንድም ቀን ልጠይቃቸው ብዬ ገብቼ አላውቅም። አንዲት ብርቱካን ይዤ አልሄድኩም።

"ተቀመጥ እንግዲህ" አሉኝና ዓይናቸውን በረንዳው ላይ ወዳሉት ቲማቲሞች መለሱ።

ከዚያ በኋላ እስኪያርፉ ድረስ በነበሩት አሥራ አንድ ቀናት በየቀኑ ወጣሁ፣ ብርቱካን ይዤ። መብላት እንደማይችሉ ሠራተኛዋ ነግራኛለች። ጠያቂ ግን ባዶ እጁን አይሄድም።